ያልተለቀመ ምስር

ባለፈው ሰሞን ሾላ ገበያ ገብቼ «ያልተለቀመ ድፍን ምስር አለህ?» ብዬ ስጠይቅ ባለሱቁ ልጅ የቀለድኩ መሰለው። በላስቲክ የታሸገ፣ የተበጠረ፣ የሚያብረቀርቅ ምስር ደርድሯል። «እናቴ፣ የእኛ አንዲት ጠጠር የለበትም፤ ካገኙበት ገንዘብዎን እመልሳለሁ» አለኝ።

«ጠጠር ያለበት ነው የምፈልገው» አልኩት።

ጓደኛውን ጠርቶ «ስማ እንጂ፣ እኚህ እናት ጠጠር ይፈልጋሉ!» ሲል ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። በመጨረሻ ከገበያው ጀርባ እህል በጆንያ ዘርግተው ከሚሸጡ አንዲት ሴት ዘንድ አገኘሁት። ጠጠሩም አለ፣ ገለባውም አለ፣ አፈሩም አለ። እጄን እስከ አንጓዬ ከተትኩበትና ሴትየዋ ፊት እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ሁለት ኪሎ ገዝቼ ወደ ሰሚት በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሬዲዮ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የኮንዶሚኒየማችን ወጣቶች ድርሰት አስተምሪን ብለው ይዘውኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በጋራው አዳራሽ እንሰበሰባለን። ለማስተማር ደግሞ ምስር ያስፈልገኛል። የጡረታ መሸኛዬ ዕለት ጋቢ አልብሰውኝ አለቃዬ ንግግር ሲያደርግ፣ ድራማ መጻፍ የተማርኩት ውጭ አገር ሄጄ በወሰድኩት አጭር ሥልጠና እንደሆነ ተናገረ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም ኬክ እየቆረስኩ ስለነበር አላረምኩትም። እዚያ ሥልጠና ላይ የተማርኩት ቢኖር በረዶ ላይ ሳይወድቁ መራመድን ነው። ሙያዬን የተማርኩት ቦሌ ሚካኤል፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ምስር ከሚለቅም ሰው ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባኝ እናቴን ቅመም በመሸጥ እረዳ ነበር። እናቴ ሐዋ ከወሎ መጥታ ሾላ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ስትሸጥ ያረጀች ናት። መኖሪያችን ቦሌ ሚካኤል ነው። እሁድ እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር አያገኝም። ስለዚህ ሁሉም ይመጣል፣ ግን ባዶ እጁን የሚመጣ ሴት የለም። አንዷ ሰፌድ ላይ ምስር ይዛ፣ አንዷ ዳንቴል ይዛ፣ እናቴ ደግሞ ጥጥና እንዝርቷን ይዛ። ሊቀመንበሩ ስለ ዓለም አቀፍ ሁኔታ ሲተነትን ከታች አዳራሹን የሚሞላው የምስር ሽርርርታ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ አዳራሹ የእኛ ነው። በኪነት ጓድ ስም የድርሰት ክፍል ተከፍቶ ነበር። አስተማሪያችን ጋሽ መኩሪያ ይባላሉ። በመደበኛ ሥራቸው የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ እኛን የሚያስተምሩን ያለ ክፍያ፣ በገዛ ፈቃዳቸው ነው። ሚስት የላቸውም፤ ከአዳራሹ ብዙም በማይርቅ አንድ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አብስለው ይበላሉ። የመጀመሪያዋን ቅዳሜ መቼም አልረሳትም። ረዥም ሰውዬ፣ ካፖርት ለብሰው፣ ሰፌድ በብብታቸው ይዘው፣ የሰፈሩ ልጆች ከኋላ እየተከተሏቸው ገቡ። ተቀመጡና ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከካፖርት ኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ምስር አውጥተው አፈሰሱበት።

«ቅዳሜ የሳምንት ምስሬን የምለቅምበት ቀን ነው» አሉ። «እኔ እለቅማለሁ፣ እናንተ ታነባላችሁ። እጄ ካልቆመ ጽሑፉ ገና ነው። እጄ ከቆመ ደርሷል። እዚህ ክፍል ውስጥ በአፍ ማድነቅ ክልክል ነው። አፍ ይሉኝታ ይይዘዋል። እጅ ይሉኝታ የለውም።»

ከጎኔ የተቀመጠው ታደለ ሳቁን መያዝ አቃተው። ታደለ በሰፈራችን ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ፣ ግራሶ በነካ ወረቀት ላይ የፍቅር ታሪክ የሚጽፍ ቀልደኛ ልጅ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄንን የት ተማሩት?» አላቸው።

«እዚሁ አዳራሽ ነዋ!» አሉ ጋሽ መኩሪያ እጃቸው ሳይቆም። «እሁድ ስብሰባ ላይ። ሊቀመንበሩ ሲናገር የሴቶቹን እጅ አየሁ። አንድም እጅ አልቆመም። ከዚያ አንዲት ሴትዮ አስተያየት አለኝ ብላ ተነሣች። ቦኖ ላይ ወረፋ ይዛ ሳለ ጎረቤቷ እንዴት ባልዲዋን በእግሯ ገፋ ገፋ እያደረገች እንደቀደመቻት ተናገረች። ልጆች፣ አዳራሹ ውስጥ ያለ እጅ ሁሉ ቆመ! እኔ ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲህ ያለ መለኪያ አላገኘሁም ነበር።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንዴት እንደሚበራ! ሰው ስለ ባልዲ እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

ተራዬ ደርሶ አነበብኩ። «የንጋት ጮራ የጭቆናን ጨለማ ገርስሶ...» የሚል ነበር አጀማመሩ። ቃላቱን ለመምረጥ ሌሊቱን ሙሉ ደክሜበታለሁ። ሳነብ በዓይኔ ጫፍ እጃቸውን እሰልላለሁ። እጃቸው አልቆመም፤ ጭራሽ ፍጥነት ጨመረ። ስጨርስ ሰፌዱን ነቅነቅ አድርገው «ተባረኪ ዘይነባ፣ ብዙ አስለቀምሽኝ» አሉ። መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር።

ቀጥለው ግን ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። «ሴትየዋ አዘነች ብለሻል። ስታዝን እጇ ላይ ምን ነበር?»

«ምንም።»

«ሾላ ገበያ ውስጥ እጇ ባዶ የሆነ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ለሚቀጥለው ሳምንት የሰጡን የቤት ሥራ አንድ ነበር፤ ሰው ሲዋሽ እጁ ምን እንደሚሠራ አይታችሁ አምጡ። ሾላ ሄደን፣ ጋራዥ ገብተን፣ አውቶቡስ ፌርማታ ቆመን እጅ ስናይ ሰነበትን። ታደለ አንድ ደንበኛ «ፍሬኑ ትናንት ነው የተሠራው» እያለ የመኪናውን መስታወት በእጅጌው ሲወለውል አይቶ ጽፎት አነበበ። የጋሽ መኩሪያ ጣቶች ትንሽ ቀዘቀዙ እንጂ አልቆሙም። በክፍሉ ውስጥ ግን ትልቅ ጭምጭምታ ተነሣ፤ ሁላችንም አይተናል።

የእኔ ቀን የመጣው ስለ እናቴ የጻፍኩ ጊዜ ነው። እናቴ ዛላ በርበሬ በጅምላ ስትገዛ አንዱን ዛላ ሰብራ ፍሬውን ምላሷ ላይ ታደርጋለች። በርበሬው ኃይለኛ መሆኑን ሻጩ ከፊቷ ካነበበ ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ ፊቷ አይነቃነቅም። «ኧረ ይሄ ምን ያቃጥላል፣ ለሕፃን የሚሰጥ ነው!» ትላለች። አንድ ቀን ታዲያ በርበሬው ከባድ ኖሮ ከአንድ ዓይኗ እንባ ዱብ አለ። ዞር ብላ በሻሿ ጫፍ ጠረገችና «አይ የዚህ ገበያ አቧራ!» አለች። ያየሁትን እንዳለ ጻፍኩት። የንጋት ጮራ የለ፣ ጨለማ የለ።

እንባው ዱብ የሚለው ጋ ስደርስ የሽርርርታው ድምፅ ጠፋ። ቀና አልኩ። የጋሽ መኩሪያ እጅ አየር ላይ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸው ተገጣጥመው፣ አንዲት ጠጠር ይዘው፣ የት እንደሚጥሏት ረስተዋል። ታደለ ክርኑን ጎኔ ውስጥ ሲሰነቅረው አሁን ድረስ ይሰማኛል። በአፍ ማድነቅን ሕጋቸው አይፈቅድም። በነጋታው እሁድ ግን ስብሰባ ላይ በሕዝቡ መሃል ሲያልፉ አጠገቤ ሲደርሱ ቆም አሉና መንጋጋቸውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ማታ ወጤ ውስጥ ጠጠር ቀጭ አለብኝ» አሉ በሹክሹክታ። «ያንቺ ናት።»

ከዚያ ወዲህ የክፍሉ ትልቁ ማዕረግ ይሄ ሆነ፤ ጋሽ መኩሪያን ጠጠር ማስነከስ። እጃቸው ስንት ጊዜ እንደቆመ የሚያውቁት በዚያው ማታ በጥርሳቸው ነበር።

ስለ ቸርነታቸው ምን ልበል? ወረቀት በጠፋበት ጊዜ የድሮ የፈተና ወረቀት ሰብስበው በጀርባው እንድንጽፍ ያድሉን ነበር። አንዳንድ ቅዳሜ ክፍሉ ሲያልቅ ሁላችንንም ቤታቸው ወስደው የለቀሙትን ምስር ይሠሩልን ነበር። የምስር ወጥ ስለሆነ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ትሪ ከብበን ያለ ሐሳብ እንበላለን። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሐሳባቸውንም መስጠታቸው ነው። መንገድ ላይ አንድ ጥሩ ነገር ሲያዩ «ታደለ፣ ይቺ ለአንተ ትሆናለች፣ ጻፋት» ይላሉ። እርስዎስ አይጽፉም ወይ ስንላቸው «እኔ ምስር አለብኝ» ብለው ያልፉታል። እኛም አመንናቸው።

አሁን ወደ ውድቀቴ ልምጣ፤ እሱን ካላወራሁ ሌላው ትርጉም የለውም። የየቀበሌው የኪነት ጓዶች ሊወዳደሩ ሆነና ሊቀመንበራችን አንድ ቲያትር እንዲቀርብ አዘዘ። ርዕሱንም ራሱ ሰጠ፤ በርበሬ የሚደብቅ አድኃሪ ነጋዴ። ጋሽ መኩሪያ ጽሑፉን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ልቤ አብጧል፤ ጠጠር ያስነከስኩ ደራሲ ነኝ! ሆኖም ሊቀመንበሩ ያነበዋል ብዬ ሳስብ የተማርኩት ሁሉ ከራሴ ላይ በነነ። ቀንድ ያላት የምትመስል ነጋዴ ሴት ፈጠርኩ። «ሃ ሃ ሃ! ሕዝቡ ይራብ፣ እኔ ልክበር!» ትላለች። ቁም ነገሩ ሁሉ መፈክር ነው። ጋሽ መኩሪያ ረቂቁን እየለቀሙ ሰሙት፤ እጃቸው አንዴም አልቆመም። «ይሁን፤ አዳራሹ ራሱ ይንገርሽ» ብቻ አሉኝ።

ነገረኝ። ለልምምድ ብለን እሁድ ከስብሰባው በኋላ ለቀበሌያችን ሕዝብ አሳየን። አንድም ሰፌድ አልቆመም። የእናቴ እንዝርት ፊት ለፊት ወንበር ላይ ይሾራል። አጋማሹ ላይ ሲደርስ ሴቶቹ ጨዋታ ጀመሩ፤ አንዷ ጮክ ብላ ለጎረቤቷ «ከየት ነው የገዛሽው? ምስሩ ገለባ የለበትም እኮ» ስትል መድረክ ላይ ያለችው አድኃሪዋ ነጋዴ እንኳ ሰማቻት። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ያንን ሽርርርታ ሰማሁ። ከስድብ ይከፋል።

ሊቀመንበሩ ተናደደ። ሕዝቡ ያልሰማው ቲያትር ለውድድር ቀርቦ ቀበሌውን እንደሚያዋርድ፣ የቅዳሜው ክፍል ጊዜ ማባከኛ ስለሆነ ሊዘጋ እንደሚገባ ተናገረ። ጋሽ መኩሪያ ተነሡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጽሑፉን አይቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ ሳምንት ስጠን። በሚቀጥለው እሁድ ሰፌዶቹ ካልቆሙ ክፍሉን ዝጋው።»

«የምን ሰፌድ?» አለ ሊቀመንበሩ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። በነገሩ ግራ ቢጋባም ፈቀደ።

ስለዚህ ቅዳሜዎቻችን ሁሉ በእኔ ብዕር ላይ ወደቁ። ዕለቱኑ ቤት ስገባ እናቴ ጥጧን እየሰበሰበች «ያቺ ሴትዮ ምን ነበር የምትሸጠው?» አለችኝ።

«በርበሬ ነዋ እማ!»

«እኔ አልሸተተኝም» አለች።

በማግስቱ ጋሽ መኩሪያ ቤት ሄድኩ። ሲያጽናኑኝ ጠብቄ ነበር፤ አላጽናኑኝም። «ትናንት የቀበሌው ምስር ሁሉ ተለቅሞ አለቀ፤ ሕዝቡ አንዲት ጠጠር ሳይነክስ ነው የበላው» አሉኝ። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ከዚያ ሰፌዱን ወደ ጎን አድርገው ጠየቁኝ፦

«ነጋዴዋን ትወጃታለሽ?»

«አድኃሪ ናት እኮ ጋሼ!»

«እሱን መቼ ጠየቅኩሽ? ትወጃታለሽ ወይ?»

«አልወዳትም።»

«ሂጂና እስክትወጃት ድረስ ጻፊያት። ከደበቀችው በርበሬ ጋር ውደጃት። አንዲት ቃል አልሰጥሽም፤ እዚህ ቁጭ ብለሽ መጻፍ ከፈለግሽ ግን ቤቱ ያንቺ ነው።» ቁልፋቸውን ሰጡኝና ትምህርት ቤት ሄዱ። ሳምንቱን ሙሉ ከእሳቸው ጠረጴዛ ላይ ጻፍኩ። ሲመለሱ የጻፍኩትን እያነበብኩ እሳቸው ይለቅማሉ፤ እጃቸው ያልቆመበትን ቦታ በእርሳስ ጭረት አደርግና ያንኑ ሰርዤ እጀምራለሁ። ነጋዴዋን ከገበያ ሰው ሠራኋት። በርበሬ የምትደብቅ፣ ግን በዓል ሲደርስ ለጎረቤቷ በሽሽግ የምትቸር፣ ሲይዟት የምትዋሽ፣ ስትዋሽ የሚዛኗን ሳህን የምትወለውል። ዛላውንም አስነከስኳት። በሌላ በኩል የሊቀመንበሩን መፈክር አንድም ሳልቀንስ መጨረሻው ላይ፣ ሰው ለመሄድ በሚነሣበት ሰዓት ደረደርኩለት። ይሄንን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም፤ የራሴ ነው፤ በኋላ ሬዲዮ ውስጥ ብዙ ጠቅሞኛል።

እሁድ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ከውድድሩ ዳኞች አንዱን፣ የሬዲዮ ድራማ ክፍል ኃላፊ የነበረውን ጓድ ስንታየሁን ይዞ መጣ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ፤ ጋሽ መኩሪያ ከታች፣ ከሴቶቹ መሃል ሰፌዳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ሽርርርታው እንዳለ ነበር። ነጋዴዋ የሚዛን ሳህኗን መወልወል ስትጀምር አንድ ጥግ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ሌላው ጥግ። ዛላውን ሰብራ ፍሬውን ምላሷ ላይ ስታደርግ፣ ፊቷ ሳይነቃነቅ እንባው ዱብ ሲል፣ «አይ የዚህ ገበያ አቧራ!» ስትል አዳራሹ ውስጥ አንድም ድምፅ አልነበረም። በመጋረጃው ቀዳዳ አጮለቅኩ። በየሰፌዱ ላይ እጆች ቆመዋል። የእናቴ እንዝርት ከክሩ ተንጠልጥሎ መሽከርከሩን አቁሟል። ሊቀመንበሩ እንኳ ጠረጴዛ ሲመታበት የነበረውን እስክሪብቶ ረስቶታል! ወዲያው አዳራሹ በሳቅና በእልልታ ፈረሰ። እኔ መጋረጃው ኋላ ብቻዬን እዘል ነበር። በዕድሜዬ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ ከዚያ የሚበልጠውን ግን አላስታውስም።

እናቴ ብቻ ቤት ስትገባ ተቆጣች። «የንግድ ምሥጢሬን አወጣሽው!» አለች። እውነቷን ነው፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሻጮቹ ሁሉ ዓይን ዓይኗን እያዩ ዋጋ ጨመሩባት። «ልጄ ናት የጻፈችው» እያለች ስትኮራም ተሰምታለች።

ክፍሉ ተረፈ። ከውድድሩ ሁለተኛ ወጣን፤ አንደኛ የወጣው ታንክ መድረክ ላይ ያወጣ ቀበሌ ነው። ጓድ ስንታየሁ ግን ጋሽ መኩሪያን ፈልጎ መጣ። በየሳምንቱ የሚተላለፍ ድራማ የሚጽፍ ቋሚ ሠራተኛ እፈልጋለሁ፣ እርስዎ ይምጡ አላቸው። ለአንድ የአማርኛ መምህር ይሄ ትልቅ ዕድል ነበር። እሳቸው እኔን በክንዴ ይዘው ወደ ፊት ገፉኝ።

«አዳራሹን ያስቆመችው እሷ ናት። እኔ ምስር ለቃሚ ነኝ» አሉ።

በዚህ ዓይነት ገባሁ። በመጀመሪያ ደመወዜ ከሾላ ምርጥ፣ ተለቅሞ የተበጠረ ምስር ገዝቼ ወሰድኩላቸው። ከፍተው ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ። «ይሄንን ምን ላድርገው? ጠጠር እንኳ የለበትም!» አሉኝ። መልሼ ወስጄ ለእናቴ ሰጠሁና ቆሻሻውን ገዝቼ መጣሁ።

ሬዲዮ ሌላ ዓለም ነው፤ የአድማጩን እጅ አታየውም። ምን ይሻላል ብዬ ስጨነቅ መላ መጣልኝ። ረቂቄን ይዤ ሾላ እሄዳለሁ፤ እናቴ ድንኳን ሥር ቁጭ ብዬ ቅመም ለሚነፉት ሴቶች ወሬ የማወራ መስዬ ድራማውን እተርከዋለሁ። ወንፊቱ ሳይቆም ያለፈውን ክፍል ቢሮ ተመልሼ እሰርዛለሁ። ጓድ ስንታየሁ ጽሑፌ ለምን በርበሬ በርበሬ እንደሚሸት በቀልድ ይጠይቀኝ ነበር። እሱን የተካው አለቃ ደግሞ ደቂቃ የሚቆጥር ነው፤ ዝምታ የሬዲዮ ብክነት ነው ባይ። «እዚህች ጋ ሰውየው ዝም ይላል ብለሽ ጽፈሻል፤ ዝምታውን አውጪና መፈክር አስገቢበት» ይለኛል። መፈክሩን መጨረሻ ላይ አስገባለታለሁ፣ ዝምታዋን አልነካትም። አንድ ቀን ስቱዲዮ ውስጥ የዝናብ ድምፅ የተቀዳበት የቴፕ ክር ተበላሽቶ ሁሉም ሲራወጥ ለጋሽ መኩሪያ የገዛሁትን ምስር ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ የዚያን ዕለት ለእናቴ የገዛሁት ሰፌድ ላይ ከፍ አድርጌ አፈሰስኩት። ዝናብ! እንዲያውም ከእውነተኛው ዝናብ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፌዷ የስቱዲዮው ዕቃ ሆና ቀረች፤ ስንትና ስንት ክረምት በእሷ አዝንበናል።

በዚህ መሃል ጋሽ መኩሪያ ተዛወሩ። ሩቅ ክፍለ ሀገር ላለ ትምህርት ቤት መምህር ያስፈልጋል ተብሎ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ምክንያት የሚጠየቅበት ጊዜም አልነበረም። እዚያም ሆነው ያው ናቸው። ብዙ ቆይቶ ከዚያ አገር የመጣ አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ቢሯችን ተቀጥሮ «እኛ ትምህርት ቤት ምስር እየለቀሙ የሚያስተምሩ መምህር ነበሩ» ሲል ዘልዬ አቀፍኩት። ልጁ ምን ሆነች ብሎ ደነገጠ።

ከመሄዳቸው በፊት የነበረችውን የመጨረሻ ቅዳሜ ግን ልናገር። ዕቃቸው ታስሮ፣ እኔና ታደለ ልንሰናበታቸው ቤታቸው ሄድን። ውሃ ቡታጋዝ ላይ ተጥዷል። ሰፌዱ ብቻ አልታሰረም። ጋሽ መኩሪያ አንስተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት፤ ምስሩንም አፈሰሱበት።

«ዛሬ ልቀሚ» አሉኝ። ከፍራሹ ሥር የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ የተጻፈ ነገር አወጡ። «ለማንም አንብቤ አላውቅም። ይሄን ሁሉ ዓመት እናንተን በሕዝብ ፊት ሳስነብብ ፈሪው እኔ ነበርኩ። እንዳታዝኝልኝ። ለሐዘኔታ ብለሽ እጅሽን ካቆምሽ ይቅር አልልሽም።»

ጭንቅ ያዘኝ። እውነት ቢሰለቸኝስ? ይሄን ሰው እንዴት አድርጌ ዓይኑን አየዋለሁ? ሆኖም ሕግ ሕግ ነውና በታማኝነት ልለቅም ወሰንኩ። አንገታቸውን ደፍተው ማንበብ ጀመሩ። ዓይናቸው የጠፋ አንድ የገጠር አባት፣ መምህር ልጃቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ ይመጣሉ። ከተማውን ላሳይዎት ሲላቸው አውሮፕላን አሰማኝ ይሉታል። ልጅየው ቦሌ ወስዶ ከማረፊያው አጥር ጥግ ያቆማቸዋል። አውሮፕላኑ እያጓራ ከላያቸው ሲያልፍ ሽማግሌው፣ ትልቅ ሰው እንዳለፈ ሁሉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ድምፁ ርቆ ሲጠፋ ወደ ልጃቸው ዞረው «እንዲህ ከጮኸ፣ ሰዎቹ ሲሰነባበቱ እንዴት ይሰማማሉ?» አሉት። ልጅየውም በማግስቱ አባቱን አውቶቡስ ተራ ሲሸኝ ይህች ጥያቄ ትዝ እያለችው የአባቱን ባርኔጣ እያራገፈ፣ አቧራ የሌለበትን እያራገፈ ይቆማል።

ጨረሱ። ከወረቀቱ ላይ ቀና አላሉም። እጄን ለማየትም፣ ለመጠየቅም ፈሩ። እኔ ደግሞ እንባዬ እየወረደ ነው፤ ልናገር ብልም በአፍ ማድነቅ ክልክል ነው። ያዳነን ታደለ ነው። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና «ኧረ ረሃብ ገደለን!» ብሎ ሰፌዱን ከጭኔ ላይ ነጥቆ ምስሩን አጥቦ የፈላው ውሃ ውስጥ ጨመረው።

ወጡ እስኪደርስ ስለ መንገዱ፣ ስለ አገሩ ብርድ አወራን። ስለ ታሪኩ ማንም አላነሣም። ጋሽ መኩሪያ ሳቅ ለመሳቅ ይሞክራሉ፤ ፊታቸው ግን ፈተና ተፈትኖ ውጤቱን ገና ያልሰማ ተማሪ ፊት ነበር። ትሪው ቀረበ። ቆረሱ፤ ጎረሱ።

ቀጭ!

ማኘካቸውን አቆሙ። አዩኝ። ቀስ ብለው ማኘክ ጀመሩ፤ ወዲያው ሁለተኛዋ ቀጭ አለች። ታደለም ቀጭ አደረገ። እኔም ቀጭ አደረግኩ። ቤቱ ውስጥ የጠጠር ድምፅ ብቻ ሆነ። ጋሽ መኩሪያ አንዷን ጠጠር ከአፋቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ብዙ አዩዋትና ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቷት። ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ ነበር።

«ዘይነባ» አሉኝ፤ «እስቲ ወጥ ጨምሪልኝ።»